የሦስት ዓመቱ ትእዛዝ

ጥቅምት 4
የትምህርት ቤቱን መዝገቦች ጠርዤ ጨረስኩ። አሥራ አራት ጥራዝ። ሁለቱን ሙጫው ስላልያዘልኝ ፈትቼ እንደገና ሰፋኋቸው። ዓይኔ ደክሟል እንጂ እጄ ገና ነው።

ከሰዓት በኋላ በመማሪያው ክፍል ጉባኤ። አምስቱም መጡ። ጥርስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ አረፈደ፤ ንባቡ እስኪያልቅ ደጅ አስቆምኩት። ቆመ። ድሮ ሠላሳ ነበርን... እኔን ያስተማረኝ መምህር "ብዛት ለገበያ ነው" ይል ነበር።

ሲበተኑ ሾፌሩ ቀረ። የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። አርባ ሊሞላው ነው፣ ትከሻው በር ይሞላል፤ እኔ ፊት ሲቆም ግን ኮፍያውን በሁለት እጁ ይይዛል። አባቱ ታሟል። ሳንባ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለዋል። ውሰዱት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ለአንድ ሰዓት ብቻ ብገባስ ጋሼ፣ አለኝ።

ሁለተኛ ዓመቱን ገና መያዙ ነው። ወደ ትምህርቱ የገባ ሰው ሦስት ዓመት ወላጆቹ ቤት አይገባም፤ ለሞትም ቢሆን። ሲመጣ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሎ ነው የገባው። "ለአንድ ሰዓት የተከፈተ በር መልሶ አይዘጋም" አልኩት።

አልተከራከረም። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 5
ጉልበቴ። ዝናብ ሊመጣ ነው።

ጥቅምት 9
ቅዳሜ። እህቴ መጣች። እኔ እሷ ቤት ስለማልሄድ እሷ ነች ሱቄ የምትመጣው። የምትኖረው የእናታችን ቤት ነው። የእኔ ሦስት ዓመት ካለቀ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፎታል፣ ግን ገብቼ አላውቅም። ለምን? ሥራ በዛ።

ሥራ አልበዛም። እንጃ።

ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ ከሰው ፊት በፊት ስፌት ላይ ነው የሚያርፈው። "የኔ ጻድቅ" አለችኝ፣ "ክንፍ ሊያወጣ ነው መሰለኝ ሸሚዝህ ብብቱ ላይ ተተርትሯል።" አስወልቃኝ እዚያው ሰፋችው። ቆዳ በምሰፋበት ክር።

ስለ ሾፌሩ አባት ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣ አንተስ ለምደኸዋል፣ ሰውየው ምን በደለህ አለችኝ።  ትምህርቱን አታውቅ። ለማያውቅ ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ነው።

ጥቅምት 11
ጉባኤ። ሾፌሩ እንዲጸና ብዬ የራሴን ታሪክ ነገርኳቸው። ከዚህ በፊትም ሰምተውታል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መምህሩ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚሁ ክፍል ማስተማር ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። ቋንቋችንን ይሰብረዋል፤ የተናገረው ግን አይረሳም። አንድ ቀን በር ላይ ክንዴን ያዘና "ሦስት ዓመት እናትህ ቤት አትግባ" አለኝ። ለሌሎቹ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ በር ላይ የነገረንን እርስ በርሳችን እንዳናወራ አዞን ነበር። በሁለተኛው ዓመት እናቴ ታመመች። መምህሩ ሰው ላከብኝ፦ ሂድ፣ እናትህን እይ። ፈተና መሆኑ ገባኝ። አልሄድኩም። ሞተች። ቀብሯ ላይም አልቆምኩም። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ዓይኑንም ከእኔ አነሳ። ይሄም ፈተና ነው ብዬ ቻልኩት። ሲሞት ክፍሉንና መጻሕፍቱን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ትእዛዙን ለሚመጣ ሁሉ መግቢያ አደረግኩት።

ጡረተኛዋ አለቀሰች። የሒሳብ አስተማሪ የነበረች ሴት ናት፣ በቀላሉ አታለቅስም። ሾፌሩ አላለቀሰም። እኔን እያየ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ጥቅምት 19
እንግዳ መጣች። ከመምህሩ አገር። አሮጊት፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ከዘራ የያዘች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነኝ አለችኝ። መምህሩ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት እዚያ ተማሪው ነበረች። ስሙን ስትጠራ እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምትጠራው! አልወደድኩም።

በእሱ ቋንቋ ነው ያወራነው። እኔ ቋንቋውን የተማርኩት ለጥረዛ መጥቶ ባለቤቱ ካልወሰደው መዝገበ ቃላት ነው። ማንበብ ላይ ማንም አይቀድመኝም። ንግግር ላይ እንደ በሬ ነኝ። እሷም ዝግ ብላ አወራችኝ።

ክፍሉን አሳየኋት። አግዳሚዎቹን፣ መጻሕፍቱን፣ ሁሉንም በእጄ የጠረዝኳቸውን። ትእዛዙንም በኩራት ነገርኳት። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

ለሁሉም? አለችኝ።

ለሁሉም፣ አልኳት።

እንደገና ጠየቀችኝ። ለሁሉም?

ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ ፖስታ አወጣች። ቤቷን እያራገፈች ነው፤ የሰው ነገር ይዛ መሞት አልፈለገችም። መምህሩ ከዚህ ሆኖ የጻፈላት ደብዳቤ ነው። "ስለ አንተ ይመስለኛል። ብቻህን አንብበው" ብላኝ ወጣች።

ጥቅምት 20
ከደብዳቤው እገለብጣለሁ። በቋንቋችን። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

"እዚህ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን እናቱ ሳትፈቅድ ጫማ አይገዛም። ሦስት ዓመት ቤቷ አትግባ አልኩት። በወሩ መጥቶ ይሟገተኛል፣ ሲሟገተኝ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። አልመጣም። ታዘዘ። እናቱ ስትታመም ሂድ ብዬ ላክሁበት። ፈተና መሰለው። ራሴ ሄጄ እጁን ይዤ መውሰድ ነበረብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ሴትዮዋ ሞተች። አሁን ፊቱን ማየት አቃተኝ። እሱ ግን ይኮራል። ምን ብዬ ልንገረው? የምፈልገው እኮ እምቢ የሚለኝ ሰው ነበር።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መዝገበ ቃላቱ አላስፈለገኝም።

ጥቅምት 21
ምንም አልሠራሁም። ሙጫው ማሰሮው ውስጥ ደረቀ።

ጥቅምት 22
ውሸት ቢሆንስ? አሮጊቷ ጽፋው ቢሆንስ? የመምህሩን ማስታወሻዎች አውጥቼ ጎን ለጎን አስተያየሁ። መስመሩ ወደ ላይ እያዘነበለ የሚሄድበት አኳኋን፣ የሚሰርዝበት ድርብ ጭረት... የእሱ ነው። ወረቀቱም ያኔ እኔ ራሴ የምቆርጥለት ወረቀት ነው። ዳሩን ዳበስኩት። የእኔ ቢላ።

ዓይኑን ከእኔ ያነሳው አፍሮ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ላይ ቤት ሠራሁበት።

ጥቅምት 24
አዋላጇ ነገ ማለዳ ትሄዳለች። ያረፈችበት ቤት ሄድኩ። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ዚፑን ልትዘጋ ትታገላለች፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩበት። ሁለት ሽማግሌ አንድ ሻንጣ ላይ። ተዘጋ።

ለአንቺስ በር ላይ ምን አለሽ አልኳት። ሳቀች። ከእናቷ ተጣልታ ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር፤ ለእሷ የነገራት በየቀኑ እናትሽ ቤት ግቢ ነው። አንድ ወታደር ነበር፣ ሽንኩርት ትከል አለው። አንድ በጣም የምትጾም ሴት ነበረች፣ ዳንስ ተማሪ አላት። ለሁሉም የሚሆን ነገር እንዳልነበረው ነገረችኝ። ቢኖረው ኖሮ ለምን በየበሩ ይንሾካሾካል?

አሁን ምን ላድርግ አልኳት።

"መጠየቅ የነበረብህ ያኔ ነው" አለች። ክፋት አልነበረበትም። እንደ ሐኪም ነው የተናገረችው።

ስለ ሾፌሩ ነገርኳት። ከዘራዋን አነሳች፣ ተነስ፣ አሁን ሂድና ንገረው አለችኝ። ነገ ጉባኤ አለ፣ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።  እስከ በሩም አልሸኘችኝም።

ጥቅምት 25
ጉባኤ። አልነገርኩትም።

ልነግረው መጽሐፉን ዘግቼ ነበር። አምስቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው... መልሼ ገለጥኩት። ስለ ትዕግሥት አነበብኩላቸው። ስለ ትዕግሥት! ሾፌሩ ጺሙን አልተላጨም። አባትህ እንዴት ነው አልኩት። ከሰፈሩ ሰው እንደሰማው መናገር አቁሟል አለኝ።

ለምን አልነገርኩትም? ለእሱ ከነገርኩት ለራሴም መንገሬ ነው። እውነቱ ይሄ ነው። በሰው አባት እስትንፋስ ለራሴ ቀን ገዛሁ።

ጥቅምት 27
ማለዳ አውቶቡሶቹ ከሚያድሩበት ግቢ ሄድኩ። መስታወት እያጠበ አገኘሁት። ሲያየኝ ባልዲውን ጣለ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሱቄና ከክፍሉ ውጭ ከተማሪዎቼ ማንም አይቶኝ አያውቅም። "አባትህ ጋ ሂድ" አልኩት። "አሁኑኑ።"

መጀመሪያ ፊቱ በራ። ልጅ መሰለ። ከዚያ... እያየሁት ፊቱ ተዘጋ። ጨርቁን ጨመቀ፣ አጠፈ፣ ትከሻው ላይ አደረገ።

"ገብቶኛል ጋሼ" አለ።

ምኑ ነው የገባህ?

"እርስዎም ጋ ሰው ተልኮ ነበር። ሂድ ተብለው ነበር።"

ፈተና አይደለም አልኩት። ማልኩለት። እኔ ምዬ የማላውቅ ሰው። መምህሩም የላከው ሰው ሳይምል አልቀረም ብሎ ፈገግ አለ። በጥርሱ አይደለም፤ በልቡ ነው ፈገግ ያለው። የሚያስፈራ ፈገግታ ነው። የራሴ ነው፣ አውቀዋለሁ።

ጥቅምት 28
ደብዳቤውን ይዤለት ሄድኩ። ቋንቋውን አያነብም። እየተረጎምኩ አነበብኩለት።  እስክጨርስ ጠበቀኝና፣ ጋሼ ለእኔ ሲሉ ይህን ሁሉ ጽፈው፣ አለኝ። እጄን ሳመ።

ሌላ የሚያነብለት ሰው ልፈልግ ብዬ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ዞርኩ። ቋንቋውን የሚያውቅ በዚህ ከተማ እኔ ብቻ ነኝ ለካ። አዋላጇ ሄዳለች።

ኅዳር 2
ጉባኤ። ለሁሉም ተናገርኩ። ቆሜ። ትእዛዙ ለእኔ ብቻ የተሰጠ መድኃኒት ነበር፤ እኔ ማን ምን እንዳመመው ሳልጠይቅ ለሁሉም አጠጣሁ አልኩ። የሚችል ዛሬውኑ ወላጁ ቤት ይግባ አልኩ።

 መጀመሪያ የተናገረው ጥርስ ሐኪሙ ነው። እኔ ስመጣም ወላጅ አልነበረኝም፣ ሦስቱ ዓመት የቀለለኝ ለካ ለዚያ ነው አለ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም። ልብስ አጣቢዎቹ ባልና ሚስት እርስ በርስ ተያዩ። ሚስትየዋ መሃረቧን አፏ ላይ አደረገች።

ጡረተኛዋ ተነሳች።

"ሦስት ዓመቴን ጨርሼ ስገባ እናቴ ማን ነሽ አለችኝ። አእምሮዋ ሄዶ ነበር። እስክትሞትም አላወቀችኝም።" ወደ ሌሎቹ ዞረች። "ጋሼ ሸምግለዋል። ሰው ይሳሳታል። ትእዛዙ ግን አይሳሳትም።"

የተሳሳትኩት ትእዛዙ ላይ ነው እኮ አልኳት።

"አይሳሳትም" አለችኝ። እየለመነችኝ ነበር።

ሾፌሩ አጠገቧ ቆመ።  ሲወጡ አብረው ወጡ።

ለሠላሳ ዓመት ስተክለው የኖርኩት ይሄ ነው። በእጄ ልነቅለው ስል እጄን ይዘው አስተዉኝ።

ኅዳር 3
የሾፌሩ አባት አረፈ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ።

ኅዳር 4
ለቅሶ ሄድኩ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። የት እንደሚቀመጡ እንኳ ጠፋኝ። ሰዎች ተጠጉልኝ።

እናቱ ትንሽ ሴት ናት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፍራሹ ተነስቷል። የማን ወዳጅ ነዎት አለችኝ። የልጅሽ አስተማሪ ነኝ አልኳት።  አንድ ጎልማሳ ሊነሳብኝ ሲል በእጇ መለሰችው።

መጨረሻ ላይ ሰውየው አንገቱን ማዞር ስላልቻለ አልጋውን ወደ በሩ አዙረውለት እንደነበር ነገረችኝ። እንደ ተራ ወሬ ነው የነገረችኝ። ከዚያ "አንቱ ካሉት ይገባል። ውጭ ቆሟል። ያስገቡልኝ አባቴ" አለች።

ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመብራቱ ምሰሶ ሥር፣ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ቆሟል። ግባ አልኩት። ለመንኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ምንም ነገር ከማንም ለምኜ አላውቅም።

"አሁን ብገባ" አለኝ፣ "ትናንት ለምን አልገባሁም?"

ክንዱን ያዝኩት።

"አባቴ የለም ጋሼ። ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ። ይሄንንም አይውሰዱብኝ።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔም ለዚህ ነው እናቴ ቤት ገብቼ የማላውቀው። ሥራም አልነበረም፣ ትምህርትም አልነበረም። ከገባሁ ያኔ ለምን አልገባሁም?

ወደ ለቅሶው አልተመለስኩም። እናቱን ምን እላታለሁ? በጓሮ መንገድ እንደ ሌባ ሄድኩ።

ኅዳር 9
የጉባኤ ቀን። ክፍሉን ጠርጌ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ጥርስ ሐኪሙ ብቻ ሊሰናበተኝ ብቅ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ። ጡረተኛዋ ቤት እየተሰበሰቡ ነው አለኝ። የሚያነበው ሾፌሩ ነው። ሦስት አዲስ ሰዎች ገብተዋል። ሦስት! እኔ በስድስት ዓመት አንድ ነው ያገኘሁት።

ለእኔ ሰላምታ እንዳይሰጥ ተስማምተዋል። ሾፌሩ አልቅሶ ነው ያወጀው አለኝ። "ጋሼ ወድቀዋል፤ ስለወደዱን ነው የወደቁት" አለ አሉ።

ልብስ አጣቢዎቹስ? ከሁለቱም ጋ የሉም። ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ፈጣሪን ልለምን ተንበረከክኩ። የምለው ሁሉ የተሸመደደ ቃል ሆነብኝ። ተነሳሁ።

ኅዳር 14
እህቴ እጄን ይዛ እናቴ ቤት አስገባችኝ። እጄን ይዛ። አልተከራከርኩም።

አልጋዋ የነበረበት ቦታ የስፌት መኪና ቆሟል። ግድግዳው ሌላ ቀለም ተቀብቷል። መስኮቱ እንኳ ሰፍቷል። የማውቀው ነገር ፈለግኩ። ምንም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የፈራሁት ቤት የለም ለካ፤ ፈርሷል። የምገባበት የለኝም።

እናታችን ስለ እኔ ምን አለች አልኳት። እህቴ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች። ብነግርህ ታምነኛለህ አለችኝ። አምናለሁ አልኳት። "ምንም አላለችም። ስምህን ሳትጠራ ነው የሄደችው። ተቀይማህ ነበር።"

ይቅር ብላኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው ተስፋ ያደርጋል? እህቴን ግን አመሰገንኳት። እውነት በመናገሯ። አለቀሰች። እኔ እንባ አልመጣልኝም።

ኅዳር 21
የመጻሕፍቱን መደርደሪያ አራገፍኩ። የመምህሩን ንግግር በስድስት ጥራዝ ጽፌው ነበር። አንድም ጥያቄ የለበትም። እኔ የጠየቅኩት አንድም ቦታ የለም። መልስ ብቻ።

ኅዳር 26
የሾፌሩ እናት ሱቄ መጣች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ተነስቼ ቆምኩላት። አልሰደበችኝም። ልጄን ያስተማሩት አንቱ ነዎት፣ እስኪ ምን ብለው ቢያስተምሩኝ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው አለችኝ። ቁም ነገር ነው የጠየቀችው፤ እንደ ተማሪ እጇን አጣምራ።

  አላውቅም እትዬ አልኳት። ይህን ቃል ለተማሪ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

እሺ አለች። ግን አልሄደችም። ወንበሩን ራሷ አነሳችና መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። ልጇ የሚነዳው አራት ቁጥር አውቶቡስ በዚህ በኩል ያልፋል፤ ከእሷ ሰፈር አያልፍም። እኔ ቆዳውን መፋቅ ቀጠልኩ።  ስምንት ሰዓት ላይ አለፈ። መሪውን በሁለት እጁ ይዟል፤ ፊቱን ወደ ሱቁ አላዞረም። እናቱ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስጠግታ አየችው፤ አውቶቡሱ ከታጠፈም በኋላ።

"ከስቷል" አለችኝ።